ካፓሲተሩ ስም ባይኖረውም ሰፈር አለው

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰው ደረሰኝ። ሁለቱ የሙያ ጓደኞቼ ናቸው። ሦስተኛው ጥገና የማስተምረው የብሎካችን ልጅ ነው። "ጋሼ፣ ይሄ እውነት ከሆነ እኛ ለምን እንለፋለን?" ብሎ ነው የላከልኝ። እኔም ሻዬን ይዤ ቁጭ ብዬ አነበብኩት።

ጽሑፉ ላፕቶፕና ማዘርቦርድ መጠገን ለሚጀምሩ ልጆች የተዘጋጀ ነው። የሚያወራው ቦርድ ላይ እንደ ጤፍ ስለተበተኑት፣ ምንም ስላልተጻፈባቸው ቡናማ ካፓሲተሮች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ለጊዜው ስለሚያጠራቅሙ ሚጢጢ ዕቃዎች ነው። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይሄ ነው። አንደኛ፣ ካፓሲተሩ በቀለሙ ይለያል። ሁለተኛ፣ ተለቅ ያለው አቅሙም (የሚያጠራቅመው መጠን) ተለቅ ያለ ነው። ሦስተኛ፣ መንቀል ሳያስፈልግ እዚያው ቦርዱ ላይ በመልቲሜትር ይለካል። አራተኛ፣ ከተጠራጠርክ ከፍ ያለውን ግጠም፣ ትልቅ አይጎዳም። አምስተኛ፣ ሾርት ያደረገውን (ውስጡ ተገናኝቶ ጅረት በቀጥታ የሚያሳልፈውን) ነቅለህ ተወው። ስድስተኛ፣ ስኬማቲክ (የቦርዱ የኤሌክትሪክ ንድፍ) ከሌለህ አትድከም፣ ቦርዱን ለቆራሌው ስጥ።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። በዚህ ጉዳይ በአማርኛ ለመጻፍ መነሳታቸው ራሱ ያስመሰግናቸዋል። ከስድስቱ ግን አንዳንዱ ግማሽ እውነት ነው፤ አንዳንዱ ቦርድ ይገድላል። እኔ የምሠራው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ምድር ላይ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። ከዚህ መርካቶ ወርጄ እስክመለስ ግማሽ ቀኔ ያልቃል። ካፓሲተሩ ራሱ ርካሽ ነው፤ ተሳስቶ መግጠም ግን ለእኔ ርካሽ አይደለም። ለዚህ ነው ዝም ማለት ያልቻልኩት።

ከቀለሙ እንጀምር። ጸሐፊው "ፈዛዛው 100 ናኖፋራድ፣ ጠቆር ያለው 10 ማይክሮፋራድ ነው" ይላሉ። ፋራድ የአቅም መለኪያ ነው፤ 1 ማይክሮፋራድ 1000 ናኖፋራድ፣ 1 ናኖፋራድ ደግሞ 1000 ፒኮፋራድ ነው። ጽሑፉን አንብቤ እንደጨረስኩ አንድ የሞተ ቦርድ አነሳሁና ቀለማቸው ቁርጥ አንድ የሆኑ ሁለት ካፓሲተሮች ነቀልኩ። ለካኋቸው። አንዱ 97 ናኖፋራድ፣ ሌላው 4.1 ማይክሮፋራድ። በአርባ እጥፍ ይበላለጣሉ፤ መልካቸው ግን የመንታ ነው።

ለምን ቢሉ፣ ቀለሙ የሚመጣው ከሴራሚኩ ቅመማና ከአተኳኮሱ ነው። እነዚህ ካፓሲተሮች ስስ የሴራሚክና የብረት ንጣፍ እየተደራረበ፣ ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ምድጃ ተጠብሰው የሚወጡ ናቸው። ሙራታ በራሱ ቅመም ይሠራል፣ ሳምሰንግ በራሱ፣ ያጌዮ በራሱ። አንድ ዓይነት አቅም ያለው ካፓሲተር ከአንዱ ፋብሪካ ግራጫ፣ ከሌላው ቡናማ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። በፒኮፋራድ የሚቆጠሩት ትንንሾቹ አንዳንዴ ነጣ ይላሉ፤ እሱን አልክድም። በእሱ ተማምኖ መበየድ ግን ሌላ ነገር ነው።

ስማቸው ታዲያ የት ሄደ? ፋብሪካው ጽፎታል፤ የጻፈው ግን በጥቅሉ ላይ ነው። እነዚህ ነገሮች በሺዎች ሆነው በሪል ተጠቅልለው ይመጣሉ፤ አቅማቸውና ቮልቴጃቸው የሚነበበው ከጥቅሉ መለያ ወረቀት ነው። የጤፍ ነጋዴ "ማኛ" ብሎ ከረጢቱ ላይ ይጽፋል እንጂ እያንዳንዷ ፍሬ ላይ አይጽፍም። ከረጢቱ ከተፈታ በኋላ ፍሬዋን ብታገላብጧት አትናገርም።

ሁለተኛው ነጥብ ግዝፈቱ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ትንሽ እውነት ይዘዋል። ግዝፈት ጣሪያውን ይነግራል፤ ከዚህ በላይ መሆን አይችልም ለማለት ይጠቅማል። ወለሉን ግን አይነግርም። 0402 የሚባለው መጠን 1 ሚሊሜትር በግማሽ ሚሊሜትር ነው። በዚያው መጠን 1 ፒኮፋራድም ይገኛል፣ 10 ማይክሮፋራድም ይገኛል። በመሃላቸው ያለው ልዩነት አሥር ሚሊዮን እጥፍ ነው! ግዝፈቱን እኔ የምጠቀምበት ለሌላ ነገር ነው። አቅማቸው እኩል ከሆነ ግዙፉ ብዙውን ጊዜ የበለጠ ቮልቴጅ የሚችለው ነው፤ ይሄን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

በነገራችን ላይ የመጠን ቁጥር ራሱ ወጥመድ አለው። 0603 ሲባል በኢንች ነው ወይስ በሚሊሜትር? በኢንቹ አቆጣጠር 1.6 በ0.8 ሚሊሜትር ነው። በሚሊሜትሩ ግን 0.6 በ0.3 ነው፤ ይሄኛው በኢንች 0201 የሚባለው ነው። እኔ አንድ ጊዜ ሳላጣራ አዝዤ ከውጭ የሚመጣ ሰው አመጣልኝ። ስከፍተው አቧራ የመሰለ ነገር። አንዱን በወረንጦ ላነሳ ስል ተስፈንጥሮ ጠፋ። ጥቅሉ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ ልጆቹ ሲያዩት ይስቁብኛል።

ሦስተኛው፣ "ሳትነቅል ለካ" የሚለው ነው። ይሄ ሥራ ያቀለለ ይመስላል፤ ለጀማሪ ግን ዋናው ጉድጓድ ነው። ካፓሲተር ቦርድ ላይ ብቻውን አይኖርም። አንድ የቮልቴጅ መስመር ላይ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ ሆነው በፓራለል (ጫፎቻቸው ተገናኝተው ጎን ለጎን) ይሰለፋሉ። ፓራለል ሲሆኑ አቅማቸው ይደመራል። አሥር ባለ 22 ማይክሮፋራዶች በተሰለፉበት መስመር አንዱን ለካሁ ያለ ሰው የሚያገኘው ወደ 220 የተጠጋ ቁጥር ነው። አንድ ቤት አንኳኩቶ የሰፈሩን ሕዝብ እንደመቁጠር ነው። በዚያ ላይ ቺፖቹ ራሳቸው ከመልቲሜትሩ ጅረት ይጠጣሉ፤ ቁጥሩ ይዋዥቃል፣ ወይ ጭራሽ አይወጣም።

ከዚህ የከፋው የሾርት ልኬት ነው። ፕሮሰሰሩን የሚመግበው መስመር ጤነኛ ሆኖ ሳለ ከግራውንድ (ከቦርዱ የጋራ ዜሮ ቮልት መስመር) ጋር ጥቂት ኦም ብቻ ሊያነብ ይችላል፤ ትልልቅ የግራፊክስ ቺፖች ላይማ ከ1 ኦምም ሊያንስ ይችላል። መልቲሜትሩ ጢጥ ይላል። ጀማሪው "ሾርት ነው!" ብሎ ካፓሲተሮቹን አንድ በአንድ ይነቅላል። ድምፁ ግን አይጠፋም፤ መጀመሪያም የፕሮሰሰሩ እንጂ የካፓሲተሩ አልነበረምና። እንዲህ ተነቅሎ ያለቀ ቦርድ ብዙ መጥቶልኛል። ካፓሲተሮቹ በፌስታል ሆነው እንደ ቆሎ ተቀላቅለው ይመጣሉ። "የቱ የት እንደነበረ ታውቀዋለህ?" ስል ባለቤቱ ቦርዱን ትቶ እኔን ያየኛል።

ስለዚህ ነቅሎ መለካት ነው። ቢቻል አንዱን ጫፍ ብቻ ማንሳት፤ ትንንሾቹ ላይ እሱም ስለማይሆን ሙሉ በሙሉ መንቀል። እዚህ ላይ ጽሑፉ ያልነካው አንድ ነገር አለ። ትልልቅ አቅም ያላቸው ሴራሚኮች፣ እነ ኤክስ5አርና ኤክስ7አር፣ ከጊዜ ጋር አቅማቸው ቀስ እያለ ይቀንሳል። ከ125 ዲግሪ አካባቢ በላይ ሲሞቁ ግን እንደ አዲስ ይታደሳሉ። ሆት ኤር (የሙቅ አየር መንቀያ) አሳይታችሁ የነቀላችሁት ካፓሲተር ገና ታድሶ ስለወጣ ከነበረው ከፍ ብሎ ሊነበብ ይችላል። ተዉት፣ ይቀዝቅዝ። ከዚያም ቢሆን 8.6 ካነበበ 8.6 የሚባል ካፓሲተር አትፈልጉ። 10 ነው፣ የአምራቹ ልዩነትና የመልቲሜትሩ ነገር ተጨምሮበት።

አራተኛው፣ "ከተጠራጠርክ ከፍ ያለውን ግጠም፣ ትልቅ አይጎዳም።" እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት ልናገር።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነው። መብራት በቀን አምስቴ የሚሄድበት ሳምንት ነበር። ከቻርጀሩ የሚገባው የ19 ቮልት መስመር ሾርት ያደረገ ላፕቶፕ መጣልኝ። የበሽተኛውን ካፓሲተር አገኘሁት፣ ነቀልኩት። እኔም ልክ እንደ ጸሐፊው አሰብኩ። 10 ማይክሮፋራድ ከነበረ 22 ይሻላል አልኩ። ከሌላ ቦርድ ላይ 22 ነቅዬ ገጠምኩ። የነቀልኩት ፕሮሰሰሩ አጠገብ ካለ የ1 ቮልት መስመር ነው። ቻርጀሩን ሰካሁ። ለአንድ አፍታ መብራቱ በራ። ከዚያ "ጧ!" ብላ የቡና ፍንጃሌ ጎን ወደቀች። ቦርዱ ላይ የቀረው ጥቁር ነጥብና የተቃጠለ ሸክላ የመሰለ ሽታ ነው። ያቺ ካፓሲተር የምትችለው ምናልባት 4 ወይም 6.3 ቮልት ነበር፤ እኔ 19 ጫንኩባት። ለዚያ መስመር ቢያንስ የ25 ቮልቱ ነበር የሚያስፈልገው። ግዝፈቱን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። የተነቀለችው ወፍራም፣ የገጠምኳት ሚጢጢ ነበረች። ዓይኔ እያየ ነው የተሳሳትኩት።

ቮልቴጁ ትክክል ሆኖም "ትልቅ አይጎዳም" አይሠራም። ክሪስታል (የቦርዱን የሰዓት ምት የምትሰጠው ዕቃ) አጠገብ ያሉትን ሁለት ትንንሾች ውሰዱ። የሰዓቷ ክሪስታል 32.768 ኪሎኸርዝ ናት። የምትፈልገው ጭነት 12.5 ፒኮፋራድ ከሆነ፣ ቦርዱ ራሱ የሚጨምረውን ወደ 4 ፒኮፋራድ ቀንሰን በሁለት ስናባዛ 17 ይመጣል። ስለዚህ እያንዳንዷ 18 ፒኮፋራድ ገደማ ናት። እዚያ 100 ናኖፋራድ ብትገጥሙ ክሪስታሏ ጸጥ ትላለች። ሰዓት ከሌለ ደግሞ ብዙ ቦርድ አይነሳም። የቮልቴጅ መቀየሪያ ቺፕ አጠገብም መስመሩ ምን ያህል በፍጥነት ይነሳ የምትል ትንሽ ካፓሲተር አለች። 10 ናኖፋራድ በነበረችበት 1 ማይክሮፋራድ ብታስቀምጡ መስመሩ መቶ እጥፍ ዘግይቶ ይነሳል። ቦርዱ መጠበቅ ሰልችቶት ይጠፋል። ከዚያ ያልተበላሸ ቺፕ ስትቀይሩ ትከርማላችሁ።

ሌላም አለ። ካፓሲተሩ ላይ ቮልቴጅ ሲያርፍበት አቅሙ ይወርዳል። ሚጢጢ ባለ 6.3 ቮልት፣ 10 ማይክሮፋራድ ኤክስ5አር 5 ቮልት ላይ ስትውል ከግማሽ በታች ልትሆን ትችላለች። መልቲሜትሩ ግን በትንሽ ቮልቴጅ ስለሚለካ 10 ነው ይላችኋል። ስለዚህ ምትኩ በቁጥር ብቻ ሳይሆን በግዝፈትም ከተነቀለው ጋር ቢመሳሰል እመርጣለሁ።

አምስተኛው፣ "ሾርት ያደረገውን ነቅለህ ተወው" የሚለው ላይ ጸሐፊውን ግማሽ መንገድ እሸኛቸዋለሁ። ሃያ ካፓሲተር በተሰለፈበት መስመር አንዷ ብትጎድል ላፕቶፑ ብዙ ጊዜ ይሠራል። እኔም ምትክ እስካገኝ እንዲህ አድርጌ አውቃለሁ። ግን "ሃያ አሉ" ለማለት መጀመሪያ የት ሰፈር እንዳለች ማወቅ ይጠይቃል። ከሳታ (ከሃርድ ዲስኩ የዳታ መስመር) ላይ አንዷን ብትነቅሉ ሃርድ ዲስኩ አይታይም፤ ዳታው የሚያልፈው በእሷ ውስጥ ነው። ተክቶ የሚቆምላት ጎረቤት የላትም።

ደግሞ ጽሑፉ ሾርት ያደረገችውን እንዴት እንደምናገኛት አይነግርም። ለጀማሪ ከምንም በላይ የሚያስፈልገው እሱ ነበር። ባለፈው ወር አንዲት እናት የልጃቸውን ላፕቶፕ ይዘው መጡ። የመመረቂያ ጽሑፏ እዚያ ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ "ቦርዱ ሞቷል" ተብለዋል። ለካሁት፣ የ19 ቮልቱ መስመር ከግራውንድ ጋር አንድ ሆኗል። ፓወር ሰፕላዬን 1 ቮልት ላይ አደረግኩ፤ ጅረቱንም ገደብኩ። 1 ቮልት ያልኩት በምክንያት ነው። ሾርት ያደረገው ካፓሲተሩ ሳይሆን የላይኛው ሞስፌት (የ19 ቮልቱን መስመር ወደ ፕሮሰሰሩ የሚከፍትና የሚዘጋው ማብሪያ) ከሆነ የምሰጠው ቮልቴጅ ቀጥታ ወደ ፕሮሰሰሩ ያልፋል። 19 ብሰጠው አለቀለት፤ 1 ግን ይችለዋል።

ከዚያ ቦርዱን በአልኮል አራስኩት። የሚያብረቀርቅ ስስ ውሃ ለበሰ። ፓወሩን ስከፍተው ሁሉም ነገር ለሁለት ሰከንድ ያህል እንዳለ ቆየ። ከዚያ ከአንዲት ካፓሲተር ዙሪያ አልኮሉ ወደ ኋላ ሸሸ። ጥፍር የምታክል ክብ ደረቅ ቦታ ወጣች። እናትየዋ ከጀርባዬ ሆነው "እሷ ናት?" አሉኝ። እሷ ነበረች። ሙቀት የምታሳይ ካሜራ ያለው ሰው ይሄን ሁሉ አያስፈልገውም፤ እኔ የለኝም።

ስድስተኛው ከሁሉም ያናደደኝ ነው። "ስኬማቲክ ከሌለህ ቦርዱን ለቆራሌው ስጥ።" ስኬማቲክ ካለ እሰየው። የቦርድ ቁጥሩን ይዞ ቴሌግራም ላይ መፈለግ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ግን የለም ማለት ጨለማ ነው ማለት አይደለም።

እኛ ሰፈር ቤት እንዴት ነው የሚገኘው? ብሎኮቹ ሁሉ አንድ ናቸው፤ ቀለማቸውም ያው። ቁጥሩ የደበዘዘበት ብሎክ ሞልቷል። ሰው ሲመጣብን "ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ፣ ከመዋዕለ ሕፃናቱ ፊት ለፊት" ነው የምንለው። ይሄው ነው ዘዴው። መጀመሪያ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ ግራውንድ ላይ አሳርፉ፤ የቦርዱ የብሎን ቀዳዳ ወይም የዩኤስቢው ቆርቆሮ ይበቃል። በሌላው ጫፍ የካፓሲተሩን ሁለት ጎን ንኩ። አንዱ ጎን ግራውንድ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሥራዋ ቮልቴጅ ማረጋጋት ነው። ከቺፕ እግር ሥር የተሸጎጠች ሚጢጢ ከሆነች ብዙውን ጊዜ 100 ናኖፋራድ ናት፤ አንዳንዴ 1 ማይክሮፋራድ። ከወፍራሙ ግራጫ ኮይል (የቮልቴጅ መቀየሪያው የሽቦ ጥቅል) መውጫ ላይ የተደረደሩት 10 ወይም 22 ማይክሮፋራድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚችሉት ቮልቴጅ ዝቅተኛ ነው። ከዚያው መቀየሪያ መግቢያ ላይ ያሉት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የ25 ቮልቶቹ ናቸው።

ሁለቱም ጎን ግራውንድ ካልሆነስ? ይሄ የምወደው ክፍል ነው። ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ እንደ ሚዜ ጎን ለጎን ቆመው፣ ሁለት ቀጭን ትይዩ መስመር መሃል ላይ ካገኛችኋቸው የፈጣን ዳታ መስመር ላይ ናችሁ። መስመሩ ወዴት ይሄዳል? ወደ ሳታ ከሆነ የተለመደው 10 ናኖፋራድ ነው። ወደ ዩኤስቢ 3 ከሆነ 100 ናኖፋራድ። ፒሲአይ ኤክስፕረስ (የካርዶችና የፈጣን ዲስኮች መስመር) ከሆነ 100 ወይም፣ በአዲሶቹ ላይ፣ 220 ናኖፋራድ። ይሄ ከየመስመሩ ደንብ የሚመጣ እንጂ የአምራቹ ፍላጎት ስላልሆነ ቦርዱ የማንም ይሁን ብዙም አይለወጥም። መቀየሪያ ቺፕና ኮይል መሃል ላይ ብቻዋን የቆመች ካለች ደግሞ የላይኛውን ሞስፌት የምታነሳዋ ናት፤ ብዙ ጊዜ 100 ናኖፋራድ።

ይሄም ካልበቃ መንታዋን ፈልጉ። ፕሮሰሰሩን የሚመግቡት ክፍሎች ሁለት ወይም ሦስት ሆነው አንድ ዓይነት ናቸው። የአንደኛው ካፓሲተር ከጠፋ የሁለተኛውን፣ እዚያው ቦታ ላይ ያለችውን ነቅሎ ለክቶ መመለስ ነው። የዩኤስቢ ቀዳዳዎችም እንዲሁ። መንታ ከሌላትም ቺፑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብባችሁ ዳታሺቱን አውርዱ። እዚያ ውስጥ አምራቹ ቺፑ እንዴት እንደሚገጠም ከነካፓሲተሮቹ ሥሎ አስቀምጧል። ለአንዲት ካፓሲተር ሙሉ ስኬማቲክ አያስፈልግም።

የእናትየዋን ላፕቶፕ ስኬማቲክ አላገኘሁም። ሾርት ያደረገችው ግን ከቻርጀሩ መግቢያ አጠገብ፣ ከአራት እህቶቿ ጋር የተሰለፈች ወፍራም ካፓሲተር ነበረች። ከእህቶቿ አንዷን ነቅዬ ለካሁ፤ 9.2። 10 ማይክሮፋራድ፣ 25 ቮልት። ምትኩን ያገኘሁት ከአንድ የሞተ ቦርድ፣ ከዚያው ከቻርጀር መግቢያው ሰፈር ነው። ልጅቷ በማግስቱ ራሷ መጥታ ወሰደችው፣ ፋይሏንም እዚያው ቆማ ፍላሽ ላይ ገለበጠችው።

የሞተውን ቦርድ ከየት አመጣኸው ካላችሁኝ፣ ከቆራሌው ነው። ጠዋት ጠዋት በብሎኮቹ መሃል እየተጣራ የሚያልፍ ልጅ አለ። የላፕቶፕ ቦርድ ሲያገኝ ሌላ ቦታ ሳይወስድ እኔ ጋ ጎራ ይላል። የጸሐፊውን ምክር ሰምታችሁ በዚህ ሰሞን ቦርድ የሰጣችሁት ካላችሁ፣ መደርደሪያዬን መጥታችሁ እዩ።